ከትዝታ ወደ ስንቅ፦ የዎርድስዎርዝን ግጥም ወደ አማርኛ ስመልስ የተማርኩት

እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊልያም ዎርድስዎርዝ በቲንተርን ገዳም አካባቢ የጻፈውን ረጅም ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ ስነሣ፣ ከሁሉ ይቀልልኛል ብዬ የገመትኩት ስለ ማስታወስ የሚናገረውን ክፍል ነበር። ለዚህ ስሜት «ትዝታ» የሚባል የተሟላ ቃል አለን ብዬ አምን ነበርና። ሥራው ከፈጀብኝ ሰባት ወራት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያለፉት በዚሁ እምነት ነው።

ረቂቁን እንደጨረስኩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምሩ ለኖሩ ጎረቤቴ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ ሰው ማን ሞቶበት ነው?» አሉኝ። በግጥሙ ውስጥ ግን የሞተ ሰው የለም። ገጣሚው ወደሚወደው ወንዝ ከእህቱ ጋር ተመልሶ፣ ልቡ ሞልቶ ነው የሚናገረው። የወጣትነት ጊዜው ማለፉን ባይክድም፣ ስለዚህ እንደማያዝንና እንደማያጉረመርም በግልጽ ይናገራል። ኀዘኑን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። በአማርኛ ትዝታ ሲባል የተለየ ሰው፣ የራቀ አገርና የማይመለስ ዘመን አብረው ይመጣሉ፤ የዜማው ቅኝት ሳይቀር በዚሁ ስም ይጠራል። ቃሉን በጻፍኩ ቁጥር የክራሩ ድምፅ ከበስተጀርባው ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ መተርጎሙን አቁሜ ጊዜ መቁጠር ጀመርኩ። ዎርድስዎርዝ ቲንተርን የሚገኝበትን የዋይ ወንዝ ሸለቆ መጀመሪያ ያየው በ23 ዓመቱ፣ በኦገስት 1793 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለተኛ የሄደው ከእህቱ ከዶሮቲ ጋር በ1798 ሲሆን፣ የግጥሙ ርዕስም ጁላይ 13 ቀንን ይጠቅሳል። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስንኞቹን አንድ በአንድ ስለ የትኛው ጊዜ እንደሚናገሩ ለየኋቸው። የመጀመሪያው ጉብኝት አለ፤ በከተማ ጫጫታና በብቸኝነት ክፍሎች ውስጥ የወንዙ መልክ እያጽናናው ያለፉት አምስት ዓመታት አሉ፤ አሁን የቆመበት ቅጽበትም አለ። ያልጠበቅኩት አራተኛው ነው፤ ገና ያልመጣው ጊዜ። ገጣሚው በወንዙ ዳር ቆሞ የሚደሰተው ባየው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ቅጽበቱ ለመጪዎቹ ዓመታት ሕይወትና ምግብ የያዘ መሆኑን በማሰቡም ጭምር ነው።

ምግብ የሚለውን ቃል ሳነብ ስንቅ ትዝ አለኝ። ስንቅ፣ በሶም ሆነ ቆሎ፣ መንገዱ ሳይጀመር ይዘጋጃል፤ የሚበላው ግን ከቤት ከተራቀ በኋላ ነው። የዎርድስዎርዝ ማስታወስ በትክክል እንዲህ ያለ ነው። ቃሉን ከለወጥኩ በኋላ ረቂቁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ጻፍኩት፤ በ160 ያህል ስንኞች ውስጥ «ትዝታ»ን ያስቀረሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ይህንኑ ሐሳብ ለማጣራት ዳፎዲል ስለተባሉት ቢጫ አበቦች የጻፈውን አጭር ግጥም ጎን ለጎን አነበብኩ። እዚያ ገጣሚው አበቦቹን ሲያይ ምን ሀብት እንዳመጡለት አላሰበም፤ ስንቁ ሳያውቀው ተቋጠረለት። ታሪኩን ስከታተል ደግሞ አንድ ነገር በጣም ነካኝ። አበቦቹን በኦልስዋተር ሐይቅ ዳር ያዩት ኤፕሪል 15 ቀን 1802 ከዶሮቲ ጋር ሲሆን፣ እርሷም በዕለት ማስታወሻዋ በዝርዝር ጽፋቸዋለች። እርሱ ግጥሙን የጻፈው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ በግጥሙ ውስጥም ብቻውን ይሄዳል። ስለ ውስጣዊው ዓይን የሚናገሩት ሁለት ስንኞች ደግሞ፣ ራሱ እንደመሰከረው፣ የባለቤቱ የሜሪ ናቸው። እስከዚያ ድረስ የዎርድስዎርዝ ማስታወስ የአንድ ብቸኛ ሰው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን የሦስት ሰዎች እጅ ይታየኛል።

ሌሎቹ ስሕተቶቼ ከተፈጥሮው ጋር የተያያዙ ነበሩ። የቲንተርኑ ግጥም አምስት በጋና አምስት ክረምት አለፉ ብሎ እንዲጀምር አድርጌ ነበር። በእነርሱ አገር ግን ጁላይ ቅጠሉ የለመለመበት፣ ሞቃቱ ወቅት ነው፤ የእኛ ሐምሌ የክረምቱ እምብርት ነው፤ በጋችንም ሣሩ የሚደርቅበት ነው። ስለዚህ «አምስት ብራ፣ አምስትም ረጃጅም የብርድ ወራት» ብዬ አረምኩት። ገጣሚው የሚያርፍበትን ዛፍ ደግሞ ዘኬዎስ የወጣበትን ዛፍ አስቤ ሾላ ብዬው ነበር፤ የእንግሊዙ ዛፍ ግን ስሙ ቢመሳሰልም ከሾላ ጋር ዝምድና የለውም፤ ፍሬውም አይበላም። «ጥላው የከበደ ዛፍ» ብዬ አለፍኩት። ቤት መምታቱንም ተውኩ፤ ዋናው ግጥም ቤት አይመታም፣ ዐረፍተ ነገሩም ከስንኝ ወደ ስንኝ እንደ ውኃ ይወርዳል።

እጅግ የለፋሁት በመጨረሻው ክፍል ላይ ነው። በእንግሊዝኛው ከ110 በላይ ስንኞች እስኪያልፉ ድረስ ገጣሚው ብቻውን የቆመ ይመስላል፤ ከዚያ ድንገት አጠገቡ ወዳለ ሰው ይዞራል። መጀመሪያ ወዳጄ ይላል፣ እህቱ መሆኗ የሚገለጠው ከጥቂት ስንኞች በኋላ ነው። አማርኛ ይህን አይፈቅድም፤ ግሡ ራሱ ሴት መሆኗን ይናገራል። ለሁለት ሳምንት ያህል ልደብቃት ሞከርኩ፤ ስንኞቹ ተጣመሙብኝ። በኋላ ግን ገጣሚው ስንቁን የሚያስቀምጠው በእርሷ ልብ ውስጥ መሆኑን፣ የእርሷም አእምሮ ለመልካም ድምፆች ሁሉ ማደሪያ እንዲሆን መመኘቱን ደግሜ ሳነብ፣ ቋንቋዬ የሚሰጠኝን ለመቀበል ወሰንኩ። መዞሪያው ላይ «አንቺ» የሚለውን ቃል ለብቻው በአንድ መስመር አኖርኩት። ስለ ገደሎቹና ስለ ደኖቹ የሚናገረውን መዝጊያም እንዲህ ጻፍኩት፦ «ስለ ራሳቸውም፣ ስለ አንቺም ብዬ ይበልጥ ወደድኳቸው።»