ሐረጎን በእግሬ

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ወደ ደሴ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቁጥሩን አላውቀውም፤ ሁልጊዜ ግን በመኪና፣ ሁልጊዜም ዓይኔን ጨፍኜ። ልጅ ሳለሁ ሐረጎ፣ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት፣ ለእኔ ማቅለሽለሽ ማለት ነበር። እናቴ ሎሚ እያሸተተችኝ፣ ጠመዝማዛው ሲያልቅ «በል አሁን ግለጥ» ትለኛለች። ባለፈው ህዳር መጀመሪያ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ በብስክሌት ለመሄድ ስነሳ ታዲያ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ሐረጎ ላይ ከኮርቻው አልወርድም።

ወረድኩ። ያውም ገና ግማሹን ሳልደርስ።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ካርታ ላይ ሳየው «ምን አላት» ብዬ ነበር። ያልቆጠርኩት ከኋላዬ ያሰርኩትን ጓዝ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ መፍቻዎች፣ ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ በዚያ ላይ እናቴ «መንገድ ላይ ትራባለህ» ብላ የቋጠረችልኝ በሶ። ትንሹ ማርሽ ላይ ሆኜም ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ተሳቢ የሚጎትቱት መኪኖች እያቃሰቱ በመጡ ቁጥር ወደ ገደሉ ጠርዝ እጠጋለሁ፤ ካለፉም በኋላ ጭሳቸው አያልፍም። አንድ እጥፋት ላይ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ፤ ሰው አየኝ አላየኝ እያልኩ።

አይተውኛል። ጭራሮ የተሸከሙ አንዲት እናት ከኋላ ደረሱብኝ። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ እኔንም ብስክሌቴንም ከላይ እስከ ታች ቃኙን።

«ልጄ፣ እሱ ነው አንተን የሚጭንህ ወይስ አንተ ነህ የምትጭነው?»

«ሜዳ ላይ እሱ ይጭነኛል፣ እማማ» አልኳቸው።

«አብሽር፣ ሜዳውም ይመጣል» ብለው ሳቁ፤ ጭራሯቸውን አንስተው ቀደሙኝ። በሚቀጥለው እጥፋት ላይ አላገኘኋቸውም። የበሶውን ከረጢት የፈታሁት እሳቸው ሸክማቸውን ባስደገፉበት ድንጋይ ላይ ነው፤ እናቴ ልክ ነበረች።

ደሴ ያደርኩት እንደ ሬሳ ነው። ስለ ጦሳ ተራራ ንጋት የምጽፈው ነገር ቢኖረኝ ደስ ባለኝ፤ አልነቃሁም።

በማግስቱ ወደ ሐይቅ ቁልቁለት ነው። ዳገቱ ጉልበትን ይፈትናል፣ ቁልቁለቱ ግን ጣትን ነው የሚጨርሰው። የፍሬኑ ሸራ እስኪሸት ያዝኩት። ሐይቋም ከተማዋም «ሐይቅ» ናቸው፤ ስም ለማውጣት ማን ይደክማል። ዓሣ ጥብስ በላሁና ከዳር ቆሜ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም አየሁ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት ቦታ ነው። ገብቼ ልሳለም ነበር፤ እግሬ እንደ ግንድ ደርቆ ስለነበር ከሩቅ ተሳለምኩ።

ከዚያ በኋላ የአምባሰል ተራሮች በግራ በኩል አብረውኝ ሄዱ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። እኔ ልዘምር ሞክሬ ትንፋሽ አጣሁ። አንድ ሽማግሌ ከማሳቸው ዳር ቆመው አገኘኋቸውና «አባባ፣ ውጫሌ ስንት ይቀራል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ምን ቀረህ፣ ቅርብ ናት! ከዚያች ጉብታ ዞር ስትል ነው» አሉኝ በከዘራቸው እያሳዩ።

ጉብታዋን ዞርኩ። ሌላ ጉብታ ነበረ። ከእሷም ማዶ ሌላ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስረግጥ ያሰላሰልኩት የውጫሌን ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አካባቢ ይስማ ንጉሥ በተፈረመው ውል፣ የአንቀጽ 17 አማርኛ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲገናኙ በጣሊያን በኩል መጻጻፍ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። አንድ ግስ እስከ ዓድዋ አደረሰ። የእኔና የሽማግሌው «ቅርብ» ግን ሁለታችንም አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነን ሳለ ተለያየ! ቂም አልያዝኩም። እሳቸው በእግራቸው ነው የለኩት፤ የእሳቸው እግር ደግሞ ቢገፋም አያፍርም።

በሦስተኛው ቀን መርሳን እንዳለፍኩ ሙቀቱ በርትቶ ሳለ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። የግራር እሾህ ነው። መለዋወጫውን አውጥቼ ሳየው፣ አዲስ ነው ተብዬ የገዛሁት ጎማ ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ የተለጠፈ ሆኖ አገኘሁት። የሸጠልኝን ሰውዬ ከነዘር ማንዘሩ አነሳሁ። ሁለተኛው ደህና ነበር፤ እጄ ግን በላብ እየሟለጨ የጎማውን ጠርዝ ማስገባት አቃተኝ። ከማሽላው መካከል፣ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ሲጠብቅ የነበረ ልጅ ወርዶ መጣ። ምንም ሳይጠይቅ በሁለት አውራ ጣቱ ገፍቶ አስገባው። ቀጥሎ ጥንቅሽ ሰብሮ ሰጠኝ፤ የመንገድ ላይ ምሳ እንደ እሱ የጣፈጠኝ የለም። ዋጋው አንድ ዙር ብስክሌት ነበር። እሱ ሲጋልብ ወፎቹ ማሽላው ላይ ሰፈሩ፤ ወንጭፉን አንስቼ ብሞክር ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄደ።

የግብርና ምርምር ማዕከሉን ሲሪንቃን አልፌ ወልድያ የገባሁት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። የመጨረሻውን ዳገት ገፋሁት፤ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ዞር አላልኩም። የሻይ ቤቷ ልጅ «ከየት ነው?» አለችኝ። «ከኮምቦልቻ» ስላት፣ «ምነው፣ መኪና ጠፋ?» አለችና ስኳሩን አበዛችልኝ።

የተመለስኩት በአውቶቡስ ነው፤ ብስክሌቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ታስሮ። ሐረጎን ስንወርድ በመስኮት በኩል ተቀምጬ እናትየዋ ጭራሯቸውን ያስደገፉባትን ድንጋይ ለማየት ዓይኔን አፍጥጬ ጠበቅኩ። እጥፋቶቹን እቆጥር ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ አቅለሸለሻት፤ እናቷ ሎሚ ፍለጋ ቦርሳዋን ስታገላብጥ ከረጢቱን ያዝኩላት። ቀና ስል ኮምቦልቻ ደርሰናል።