የቱ አሊ?

የአያቴ አባት አሊ ይማም ይባላል። ወሎ ሄዶ «አሊ ይማምን የሚያውቅ አለ?» ብሎ መጠየቅ መርካቶ መሐል ቆሞ «አንተ ልጅ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው። መንደሩ ግማሹ ዞር ይላል።

ችግሩ የስሙ መብዛት ብቻ አይደለም። እኛ አገር ከትውልድ ትውልድ የሚወረስ የቤተሰብ ስም የለም። የእኔ መታወቂያ አያቴ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አሊ እዚያ ላይ የለም። ያለው አባቴ አፍ ላይ ነው። አባቴም ስለ እሱ የሚያውቀው ጥቂት ነው። አገሩ ኩታበር አካባቢ ነው። የወሎውን ንጉሥ ሚካኤልን ተከትሎ ዘምቶ ሰገሌ ጦርነት ላይ ቀርቷል። ያኔ አያቴ ገና ጡት አልጣለም። እናቱ ጦይባ ትባላለች። በቃ።

ይህችን መረጃ ይዤ ነው የተነሳሁት። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ ጣርማ በር ላይ በረደኝ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ላበኝ፣ ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎን ስንወጣ እንደገና ጃኬቴን ፈለግሁ። ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ጠበቀችኝ። የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም።

ደሴ የሚኖር ጓደኛዬን መዝገብ ቤት ውሰደኝ አልኩት። ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ልደትና ሞት መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ እንኳ በ1976 ነው የተካሄደው። በ1909 ዓ.ም. የሞተ ገበሬ በየትኛው መዝገብ ይገኛል? ይልቅ አይጠየፍን አሳየኝ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ ነው። አሊ እዚህ በልቶ ይሆን? አላውቅም፤ ግን ደስ አለኝ።

በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ኩታበር ሄድን። ቦሩ ሜዳ ላይ ሾፌሩ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ሜዳውን በመስኮት አየሁት። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤውን የጠሩት እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ ታዘዘ። ኢማም ሙሐመድ አሊ፣ የኋላው ንጉሥ ሚካኤል፣ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል የሆኑት ያኔ ነው። የእስልምና መምህሩ ሸህ ጦልሐ ደግሞ እምቢ ብለው አመፁ። ታሪኩን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ከእኔ አሊ ጋር ይገናኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከኩታበር ከተማ ወጣ ብለን አንድ ሽማግሌ ቤት ገባን። ሰው ሁሉ ሸሁ ነው የሚላቸው። ቡና እየተፈላ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«አሊ ይማም?» አሉ። «የቱ አሊ? ቀዩ ነው? ባለ በቅሎው ነው? ወይስ ያ ኮምቦልቻ የወረደው?»

«ሰገሌ የሞተው ነው፣ አባቴ።»

«ሰገሌ የሞተውስ የቱ?»

ሁለት ነበሩ ለካ።

ከጎረቤት አንዱ ሮጦ ሄደና ከአባቱ ሣጥን የግብር ደረሰኝ አመጣ። አሊ ይማም ይላል፣ በግልጽ። ልቤ ዘለለ። ሸሁ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና መለሱለት። «ይኼ ከጣልያን በኋላ ነው። የዚህ ልጅ ሰውዬ በዚያ ጊዜ አፈር ከሆነ ሃያ ምናምን ዓመቱ።» ስም ሲገጥም ሰው ወዲያው ያምናል። ሸሁ ግን ስሙን ትተው ቀኑን ነው ያዩት። የተለመደ ስም ያለው ሰው የሚፈለገው እንዲህ ነው መሰለኝ፤ ይሄ አይደለም፣ ያም አይደለም እያሉ መጣል።

ይህን ችሎታ ከየት አመጡት ብዬ ጠየቅሁ። ከርስት ክርክር ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ርስት የሚጠይቅ ሰው ዘሩን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ ማሳመን ነበረበት። አንድ ስም ከዘለለ መሬቱ ሄደ። የሸሁ አባት ለሰው እየተሟገቱ ነው የኖሩት። ልጃቸውም ሳይወዱ በግድ የሰው ሁሉ ዘር ጭንቅላታቸው ውስጥ ገባ። ሦስት ስም ላይ የሚመሳሰሉ ሰዎች አምስተኛው ላይ ይለያያሉ አሉኝ። እኔ ግን ያለኝ ሁለት ነው።

«የሚስቱን ስም ታውቃለህ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጦይባ።»

«ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው አትለኝም?» ልጅ ላኩ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት በምርኩዝ መጡ። ጦይባን በዓይናቸው ደርሰውባታል። ባሏ ከቀረ በኋላ ሌላ አላገባችም። ልጇን ይዛ ወደ ደሴ ሄደች። ያ ልጅ የእኔ አያት ነው። አሊ ብዙ፣ የጦይባ አሊ አንድ። እማማ እጄን ይዘው መረቁኝ፤ ምርቃቱ ከአቦል እስከ በረካ ቆየ ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወደ ላይ ስንቆጥር ነገሩ ተበላሸ። እማማ እንደሚሉት የአሊ አባት ይማም ከቦሩ ሜዳ በኋላ ተጠምቆ ገብረ ሚካኤል ተብሏል፤ ቀን በዚህ፣ ማታ በዚያ ይጠራ ነበር። አፄ ዮሐንስ በ1881 ሲሞቱ ወደ ይማምነቱ ተመለሰ። የዚያን ጊዜ ብዙ ሰው እንዲህ አድርጓል። ሸሁ ግን አልተቀበሉም። የተጠመቀው የባለ በቅሎው አባት ነው፣ እሱም ይማም ነበር ይላሉ። ሁለቱ ተከራከሩ። እኔ መሐል ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ማታ ለአጎቴ ደውዬ ስነግረው እሱም አዲስ አበባ ሆኖ ክርክሩን ገባበት። «እኛ ቤት ገብረ ሚካኤል የሚባል አልነበረም!» አለ። ታዲያ የእሱ ሚስት ክርስቲያን ናት፣ ልጆቹም ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ናቸው። የወሎ ሰው ነውና አልገረመኝም።

ማስታወሻዬ ላይ ሁለቱንም ስም ጻፍኩ፤ ከጎናቸውም ማን እንደነገረኝ። ሸሁ ሲሸኙኝ አንድ መላ ጨመሩልኝ። ይማም ወረኢሉ የሄደ ወንድም ነበረው። የእሱ ዘሮች የይማምን አባት ስም ካወቁት የትኛው ይማም እንደሆነ ይለያል፣ ክርክሩም ይቆማል። ወረኢሉ መሄዴ አይቀርም። እዚያም ሁለት አሊ ይማም እንዳሉ ከወዲሁ ነግረውኛል።