ስድስቱን ቀጠሮ ወደ አንድ ስናወርድ፦ በመርፌ ዕፅ ለሚወስዱ ሰዎች የሄፓታይተስ ሲ ሕክምና በመስጠት ያየሁት

በመርፌ አደንዛዥ ዕፅ ለሚወስዱ ሰዎች ጉበትን ለሚጎዳው የቫይረስ በሽታ፣ ለሄፓታይተስ ሲ፣ ሕክምና መስጠት ስጀምር፣ ዋናው ሥራዬ ሰዎቹን ማሳመን ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር። ሥራው ውስጥ ስገባ ግን ብዙዎቹ በሽታውን ከእኔ ባልተናነሰ ያውቁት ነበር፤ አብሯቸው የኖረ ጓደኛ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ሲሞት ያዩ ሰዎች ናቸው። ያራቃቸው እኛ የደረደርንባቸው ቀጠሮ ነበር። አንድ ቀን ለመጀመሪያው ምርመራ፣ ሌላ ቀን ደም ለመስጠት፣ ሌላ ቀን ውጤት ለመስማት፣ ከዚያ ለአልትራሳውንድ፣ ከዚያ ለሐኪም፣ በመጨረሻ ለመድኃኒት ይመጡ ነበር። በየመሃሉ ሰው ሲጠፋ ካርዱ ላይ «ታካሚው አልተመለሰም» ብዬ እጽፋለሁ። ያ ዓረፍተ ነገር ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚጥል ለማስተዋል ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ስህተት የሠራሁትም በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ወጣት በመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ ፀረ እንግዳ አካል ስለተገኘበት «በሽታው አለብህ» አልሁትና ለሁለተኛው ምርመራ ቀጠርሁት። ያ ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ከቫይረሱ ጋር አንድ ጊዜ መገናኘቱን ብቻ ነው፤ በቫይረሱ ከተያዙት ሰዎች 30 በመቶ የሚሆኑት ያለ ምንም ሕክምና በስድስት ወር ውስጥ ይድናሉ፤ ምልክቱ ግን ደማቸው ውስጥ ይቀራል። ወጣቱ የተመለሰው ከሦስት ወር በኋላ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ሁሉ ሳህኑንና ብርጭቆውን ለይቶ፣ ከሚወዳት ሴት ርቆ ከርሟል። የቫይረሱን መኖር በቀጥታ የሚያሳየው የአርኤንኤ ምርመራ ሲሠራለት ደሙ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሄፓታይተስ ሲ በሳህንና በብርጭቆ እንደማይተላለፍ እንኳ አልነገርሁትም ነበር።

ደም መቅዳቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ሁለቱም ክንዶቹ በጠባሳ የተሞሉ አንድ ጎልማሳ ላይ ሦስት ጊዜ ወግቼ ምንም ሳይወጣልኝ ሲቀር፣ «ሲስተር፣ ከፈቀድሽልኝ እኔ ላሳይሽ» አለኝና እጁን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ነክሮ ጥቂት ከቆየ በኋላ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር ያለች ቀጭን ደም ሥር አመለከተኝ። በትንሿ መርፌ በመጀመሪያው ሙከራ ቀዳሁ። ከዚያ ወዲህ «የትኛው ይሻላል?» ብዬ ሳልጠይቅ ክንድ አላስርም። ሌላ ተቋም ሲታከም መርማሪው በሁሉም ፊት እንደተቆጣው፣ ከዚያም ለዓመታት ጤና ተቋም ረግጦ እንደማያውቅ የነገረኝም ያን ዕለት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በአንድ ሰዓት ገደማ የአርኤንኤ ውጤት የሚሰጠውን መሣሪያ ለዕፅ ተጠቃሚዎች ንጹሕ መርፌ ወደሚታደልበት ክፍል ስናስገባ ነው። ያቺን አንድ ሰዓት መጀመሪያ ሰው እንዳይሰለች የምንታገልባት አድርገን አይተናት ነበር፤ ኋላ ግን የሥራችን ዋና ክፍል ሆነች። ቁስል የምናጥበው፣ እንደ ሄሮይን ያለ ዕፅ ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው ከሞት የሚያተርፈውን ናሎክሶን የምንሰጠውና ስለ አወሳሰድ በግልጽ የምናወራው በእርሷ ውስጥ ነው። «ሲሪንጄን ለማንም አልሰጥም» የሚለኝ ሰው ስለ ማንኪያው፣ ስለ ጥጡና ስለ ማጠቢያው ውኃ ስጠይቀው ዝም ይላል፤ ቫይረሱ በእነዚህም ይተላለፋል። በቤተ ሙከራ ሲሪንጅ ውስጥ ለ63 ቀናት መቆየት እንደሚችል ታይቷል። ስለዚህ «አትጋሩ» ብሎ መምከር ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ለአንዱም ለጓደኛውም የሚበቃ መርፌ፣ ማንኪያና ማጣሪያ ሳይቆጠርበት መስጠት ያስፈልጋል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ እርሱ ነው። ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር የተጣመሩበት አንድ ኪኒን በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት ይወሰዳል፤ ከ100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትም ይድናሉ። የድሮውን የኢንተርፌሮን መርፌና ያስከትል የነበረውን ስቃይ የሚያስታውሱ አንድ አንጋፋ ታካሚ «ይኸው ነው?» ብለው ኪኒኑን ሲያገላብጡት ቆይተዋል። ሳላጣራ የማልጀምረው ጥቂት ነገር ነው፦ ሄፓታይተስ ቢ ካለ በሕክምናው ወቅት ሊያገረሽ ይችላል፤ የቲቢው ሪፋምፒሲንና የሚጥል በሽታው ካርባማዜፒን የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክሙታል፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ ኪኒኖችም እንዲሁ። የጉበቱን ጉዳት ከተራ የደም ምርመራ በማስላት እንገምታለን፤ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ መጠጠር) የጠረጠርንበትን ወደ ስፔሻሊስት እንልካለን። በሄሮይን ምትክ በሐኪም የሚታዘዘውን ሜታዶን የሚወስድ ሰው ያለ ሥጋት አብሮ ሊወስደው ይችላል።

«ዕፁን ካላቆምሁ ትሰጡኛላችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። እኔም ድሮ «መጀመሪያ ያቁሙ» ከሚሉት ወገን ነበርሁ። ዛሬ ግን መልሴ አጭር ነው፦ አዎ፣ ዛሬውኑ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ማቆምን ቅድመ ሁኔታ አያደርግም።

መኝታቸው ጎዳና ለሆነ ሰዎች ብልቃጡን እኛ ዘንድ አስቀምጠን በየሳምንቱ የምናድልበት አሠራር ዘረጋን፤ ቦርሳ ሲሰረቅ መድኃኒቱ አብሮ እንዳይሄድ ነው። ይህንንም ሕግ አድርጌ ለሁሉም ልጭነው ስል አንዲት ሴት «እኔ ሕፃን አይደለሁም፣ ሁሉንም ስጪኝ» ብላ ተከራከረችኝ። ቅር እያለኝ ሰጠኋት፤ አንድ ቀን ሳታጓድል ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ምርጫውን ለባለቤቱ ተውሁት።

መዳኑ የሚረጋገጠው ሕክምናው ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ በሚደረግ የአርኤንኤ ምርመራ ነው። ክትባት ስለሌለውና አንድ ጊዜ መዳን ከዳግም መያዝ ስለማይከላከል፣ ቫይረሱ ተመልሶ የሚገኝባቸው አሉ። አንዱ በሩ ላይ ቆሞ «ትቆጪኛለሽ ብዬ ሁለት ወር ቀረሁ» አለኝ። እንዲቀመጥ ነግሬው ጣቱን ወጋሁና ከማን ጋር እንደሚወስድ ጠየቅሁት፤ አብረውት የሚወስዱት ሳይታከሙ እርሱን ብቻ ማከም ውኃ በወንፊት መቅዳት ነውና። በማግስቱ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። አንደኛው ስሙን መናገር ስላልፈለገ ካርዱን በቁጥር ከፈትንለት።