ዛሬ የልጄ ክላርኔት አስለቀሰኝ

ዛሬ ማታ እዚህ ቶሮንቶ የልጄ ትምህርት ቤት ኮንሰርት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከሥራ ደክሞኝ ስለነበር ትንሽ ላንቀላፋ ብዬ ነው የገባሁት። ቫዮሊን የለ፣ ጊታር የለ፣ የሚነፋ መሣሪያ ብቻ፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ባንድ ሲባል የሚመጣልኝ ሰልፍ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ስለ ሰዓሊው ቶም ቶምሰን ሕይወት ነው። ሰውዬው በረዶው ሲቀልጥ አልጎንኩዊን ፓርክ ገብቶ በታንኳ እየዞረ ጫካውንና ሐይቁን በትንንሽ ጣውላ ላይ ይስላል፣ በረዶው ሲመለስ ደግሞ ቶሮንቶ መጥቶ ከስቱዲዮ ጀርባ ባለች ደሳሳ ቤት ይከርማል። በፈረንጆቹ ሐምሌ 1917 ካኑ ሐይቅ ላይ ወጥቶ ቀረ። አስከሬኑ ከስምንት ቀን በኋላ ተገኘ። ገና 39 ዓመቱ ነበር፤ አሟሟቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ሙዚቃው ሲጀምር ኖታ የለም። ልጆቹ ድምፅ ሳያወጡ ትንፋሻቸውን ብቻ ይነፋሉ፣ አዳራሹ ንፋስ በንፋስ ሆነ። እንቅልፌ ጠፋ! መጨረሻ ላይ ሁሉም ተራ በተራ ዝም አለና የልጄ ክላርኔት ብቻዋን ቀረች። እኔም አብሬው ትንፋሼን ያዝኩ። አንዷ ኖታ ሲጥ አለችበት፣ ከእኔና ከእናቱ በቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም።

መኪና ውስጥ «አባዬ፣ ‹የምዕራብ ንፋስ› የሚባለው ሥዕሉ እኮ እዚሁ የኦንታሪዮ አርት ጋለሪ ነው ያለው» አለኝ። በዚያ በር ስንቴ አልፌያለሁ፣ ፓርኪንግ ስፈልግ። ቅዳሜ እንሄዳለን።