ሊጀመር 10 ደቂቃ ሲቀረው
ዛሬ ለዓሣ ማጥመድ ውድድር ብዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳሁ። ትሉን ማታውኑ እርጥብ አፈር ባለበት ጣሳ አዘጋጅቼዋለሁ። ሊጀመር 10 ደቂቃ ሲቀረው አንዱ ዳኛ ድምፅ ማጉያ ይዞ ብቅ አለ። «በሕይወት ያለ ትል ክልክል ነው፤ የላስቲክ ብቻ!» በዚያ ላይ አሸናፊው የሚለየው በክብደት መሆኑ ቀርቶ በርዝመት ሆነ። ክብደትና ርዝመት እኮ አንድ አይደሉም! በሚዛን ከሆነ ወፍራሙ ያዋጣል፣ በሜትር ከሆነ ቀጭኑ ዘንካታ ይበልጠዋል። መለካቱን እንኳ አልጠላሁትም፣ ዓሣው ቶሎ ወደ ውሃው ይመለሳል። ግን ትናንት ቢነግሩን ምን ነበረበት? ስንጠይቅ «ውሳኔው የኮሚቴው ነው» ተባልን። አበቃ። ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ አንድ የላስቲክ ትል ሰጡኝ፤ እሱንም ውሃው ውስጥ ያለ ቅርንጫፍ ይዞ አስቀረብኝ። ጣሳዬን ከነትሎቹ ይዤ ቤቴ ገባሁ።