«ወገብሽ ተሻለሽ?» ለሚለው ጥያቄ

ጠዋት ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ከቤቴ ደጃፍ ባጃጅ እስከምይዝበት ድረስ ቢያንስ ሦስት ሰው «ወገብሽ ተሻለሽ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ለሰባት ዓመታት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ስል ኖሬአለሁ። ምስጋናው እውነት ነበር፤ «ደህና ነኝ» የሚለው ግን እውነት አልነበረም፤ ያን ከተናገርሁ በኋላም ቀኑን ሙሉ ደህና መስዬ መዋል ስለነበረብኝ፣ መምሰሉ ከሕመሙ ባላነሰ ያደክመኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሳነሣ ወገቤን ድንገት ውጋት በያዘኝ ቀን ነው። በሳምንታት ውስጥ እንደሚድን ተነግሮኝ ጠበቅሁ፤ ሕመሙ ግን ወራትን፣ ከዚያም ዓመትን ተሻገረ። በመጨረሻ ከምኖርበት ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አዲስ አበባ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየውን የኤምአርአይ ምርመራ ተነሣሁ። ውጤቱን የተመለከተው ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው» አለኝ። ስመለስ አውቶቡሱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ሻርፔን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስሁ። ክፉ በሽታ አለመገኘቱ የምሥራች መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ያስለቀሰኝ ለሕመሜ የሚመሰክርልኝ አንዳች ነገር በእጄ አለመኖሩ ነው። ከዚያ በኋላ ቤተሰቦቼ በጥርጣሬ የሚያዩኝ ይመስለኝ ጀመር፤ እኔም ራሴን ጠረጠርሁ። ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ መሆኑን እያወቅሁ፣ ሰው ፊት ወንበር ላይ ሆኜ መስገድ አፍር ነበር።

ያን ሸክም ያቀለለችልኝ እዚሁ ጅማ ያገኘኋት የፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴ የማከም) ባለሙያ ናት። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ እንደሚባል፣ ብዙ ጊዜም የተጎዳው አካል ካገገመ በኋላ ነርቮችና አንጎል የአደጋ ጥሪያቸውን ሳያቆሙ ለትንሹም ነገር እንደሚነቁ ነገረችኝ። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያመነጫል፣ ጡንቻው ይወጠራል፣ እንቅልፉም ይሸሻል፤ እንቅልፍ ያጣ አካል በማግሥቱ ሕመሙን አጉልቶ ይሰማዋል፤ ሕመሙም ተመልሶ ጭንቀትን ይወልዳል። «ጭንቀት ነው» የሚለውን ቃል እስከዚያች ቀን ድረስ የምሰማው «ውሸትሽን ነው» እንደተባልሁ አድርጌ ነበር። በኋላ ባነበብሁት መሠረት፣ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ ሕመምን አካላዊም ስሜታዊም ገጠመኝ አድርጎ ይገልጸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛ የበሽታዎች ምደባም ሥር የሰደደ ሕመም ራሱን የቻለ የጤና ችግር ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ከኤምአርአዩ ያጣሁትን ምስክር ያገኘሁት ከዚያ ነው።

(ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ እግሩ የዛለ ወይም በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው ሰው ግን ይህን ጽሑፍ ትቶ አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።)

ከሁሉ የከበደኝ ምክሯ ሕመሙ ሳያስቆመኝ በፊት መቆምን መማር ነበር። ቀለል ባለኝ ቅዳሜ ልብሱን ሁሉ አጥቤ፣ ሄርማታ ገበያ ደርሼ፣ እንጀራ ጋግሬ፣ ከዚያ እስከ ማክሰኞ እተኛ ነበር፤ በተኛሁባቸው ቀናትም በልጆቼ ላይ እቆጣለሁ፣ በመቆጣቴም አዝናለሁ። አሁን ሥራን በሰዓት ከፋፍዬ እሠራለሁ፤ ደህና በሆንሁበት ቀንም እንኳ ልኬን አላልፍም። ሐኪም ያዘዘልኝን አሚትሪፕቲሊንም የአእምሮ መድኃኒት ነው ስለተባልሁ ለወራት ሳልጀምረው ቆይቻለሁ፤ በአነስተኛ መጠን ለሥር የሰደደ ሕመምም እንደሚታዘዝ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

በጣም የጎዳኝ ግን ከሰው መራቄ ነው። የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ለዓይን ያምራል፤ ለእንደ እኔ ያለ ወገብ ግን ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ጎረቤት ቡና ሲጠራኝ «ፈተና አርማለሁ» እያልሁ እቀር ነበር። ብቻዬን ቤት በቀረሁ መጠን ሕመሙን ከማዳመጥ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። አንድ ቀን አዴ የምንላቸው ጎረቤቴ እንደተለመደው ስለ ወገቤ ሲጠይቁኝ «አልሐምዱሊላህ፤ ግን ዛሬ በጣም ያመኛል፤ በርጩማው ላይም መቀመጥ አልችልም» አልኋቸው። «ታዲያ ልጄ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» ከማለት ሌላ ምንም አላሉኝም። በሳምንቱ ቡና ስሄድ መደገፊያ ያለው ወንበር ከሳሎናቸው ወጥቶ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁ። አሁን አቦሉን ጠጥቼ እነሣለሁ፣ ግቢውን ዞር ዞር ብዬ ለቶና እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። ለምን እንደምነሣ የሚጠይቀኝ የለም፤ አዴም እኔ ተመልሼ ሳልቀመጥ በረካውን አይቀዱም።