«ፍቅር አልያዘኝም» ለማለት 624 ድምፅ

የእንግሊዙን ባንድ የቴን ሲሲን «አይም ኖት ኢን ላቭ» («ፍቅር አልያዘኝም») የተባለ ዘፈን የሰማ ሰው ከጀርባ ትልቅ የመዘምራን ቡድን የቆመ ይመስለዋል። የሉም። ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ኬቨን ጎድሊ፣ ሎል ክሬም እና ግሬም ጎልድማን። አራተኛው የባንዱ አባል ኤሪክ ስቱዋርት መቅጃው ላይ ነው። ቦታው ማንቸስተር አጠገብ፣ ስቶክፖርት የሚገኘው ስትሮቤሪ ስቱዲዮ ነው።

ግጥሙ የመጣው ከቤት ወቀሳ ነው። የስቱዋርት ሚስት «ለምን እወድሻለሁ አትለኝም?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ቃሉ በየሰዓቱ ከተባለ ይረክሳል ባይ ነው። ስለዚህ ፍቅር አልያዘኝም እያለ የሚገዘት ሰው ጻፈ፤ ፎቶሽን ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት እድፍ ልሸፍንበት ነው እስከማለት የሚደርስ። ሰሙ ክህደት፣ ወርቁ ኑዛዜ።

ከጎልድማን ጋር መጀመሪያ የሠሩት ቦሳ ኖቫ በተባለው የብራዚል ምት ነበር። ጎድሊ ፈጽሞ አልወደደውም፤ ቅጂውን አጠፉት። ዜማው ግን ከስቱዲዮው ሠራተኞች አፍ አልጠፋም፤ በየኮሪደሩ ያንጎራጉሩታል። በኋላ ጎድሊ ራሱ መሣሪያውን ትተን በሰው ድምፅ ብቻ ለምን አንሠራውም አለ። ክሬም ደግሞ መንገዱን አመጣ፦ የክር ቀለበት፤ ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ ሳያቋርጥ የሚዞር የቴፕ ክር።

ነገሩ የሚጥመው እዚህ ጋ ነው። ሰው ትንፋሽ ያልቅበታል። በዘመኑ የነበረው ሜሎትሮን የተባለው የክር ኪቦርድም አንድን ኖታ ከ8 ሰከንድ በላይ አይዝም። እነዚህ ሰዎች የፈለጉት ደግሞ ለደቂቃዎች ሳይቆረጥ የሚፈስ ድምፅ ነው። ሦስቱ አንድ ማይክ ከበው አንድ ኖታ «አ» እያሉ ይዘምራሉ፤ ያንኑ 16 ጊዜ ይደግሙታል። 48 ድምፅ ሆነ። ይህ ተቀላቅሎ ወደ አንድ ክር ይወርድና ክሩ ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ ይጋጠማል። ከዚያ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ቀጣዩ ኖታ። 13 ኖታ በ48 ሲባዛ 624 ይሆናል። ወደ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል።

የቀለበቱ ርዝመት 12 ጫማ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ተኩል አለፍ የሚል ነው። ከማሽኑ ስለሚተርፍ በማይክ ማቆሚያ ላይ በተገጠመች ጎማ ዙሪያ ዞሮ ይመለሳል። ያን ያህል ያስረዘሙት ለምን ይሆን? መጋጠሚያው በማሽኑ ራስ ላይ ባለፈ ቁጥር ጠቅ ይላል። ቀለበቱ አጭር ቢሆን ጠቅታው እንደ ከበሮ ምት ይደጋገም ነበር፤ ሲረዝም ግን አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚመጣ ጆሮ አያስተውለውም።

እያንዳንዱ ቀለበት በባለ 16 ትራኩ መቅጃ ላይ የየራሱን ትራክ (ለብቻው የሚቀዳ መስመር) ያዘ። 13ቱ በድምፅ ሲሞሉ ለቀረው ነገር ሁሉ የተረፉት ሦስት ናቸው። አጃቢው ስስ የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል፦ የስቱዋርት ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የጎልድማን ጊታር፣ ጎድሊ በሙግ ሲንተሳይዘር ያወጣው የልብ ትርታ የመሰለ ዱም ዱም። ትራኮቹን የሚያቀላቅለው ሚክሰር ራሱ መሣሪያ ሆነ፤ አራቱም ተሰልፈው ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ኖታዎች) በተቀየረ ቁጥር የሚፈለገውን ኖታ ፌደር፣ ማለትም የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ፣ ከፍ፣ የሌላውን ዝቅ ያደርጋሉ።

መሃል ላይ ዘፈኑ ጋብ ሲል የምትሰማው ሹክሹክታ የካቲ ሬድፈርን ናት፤ የስቱዲዮው እንግዳ ተቀባይ። በሩን ቀስ ብላ ከፍታ ስልክ መደወሉን ለስቱዋርት ስታንሾካሹክ፣ ክሬም «ይቺ ናት ድምፁ!» አለ። ዝም በል፣ ትልልቅ ወንዶች አያለቅሱም የምትለው እሷ ነች።

በ1975 (እ.ኤ.አ.) ሰኔ ላይ በእንግሊዝ ለሁለት ሳምንት አንደኛ፣ በኋላም በአሜሪካ ለሦስት ሳምንት ሁለተኛ ሆነ። በዓመቱ ጎድሊና ክሬም ባንዱን ለቀቁ። ወጣቱ ያወቀው በ2014 «ጋርዲያንስ ኦቭ ዘ ጋላክሲ» ፊልም መክፈቻ ላይ ነው።

ዛሬ በኮምፒውተር እንሥራው ያሉ ብዙዎች ይበላሽባቸዋል፤ ስህተታቸውም ያው ነው። አንዱን ቅጂ 16 ጊዜ ኮፒ ማድረግ ድምፁን ያጎላዋል እንጂ አያበዛውም። የመዘምራን ስሜት የሚመጣው በየቅጂው መካከል ካለችው የፒች (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት) እና የትንፋሽ ልዩነት ስለሆነ 16ቱንም መዘመር ግድ ነው። ፒችን በሚያስተካክለው በአውቶ ቲውን ሶፍትዌር ያቃናውም ያንኑ ልዩነት ይገድለዋል። ድምፅ ማርገብገብ ግን አይፈቀድም፤ 48 ድምፅ በየፊናው ሲርገበገብ ኖታው ይደፈርሳል። መጋጠሚያው ላይ ክሮስፌድ (አንዱ እየደበዘዘ ሌላው እየጎላ የሚተካካበት) ሁለት ሰከንድ ያህል ይሁን፤ አጭር ከሆነ ስፌቱ ይሰማል።

ሁለተኛው ስህተት የማይፈለገውን ኖታ ጭራሽ መዝጋት ነው። ስቱዋርት በየፌደሩ ግርጌ ፕላስተር ለጥፎ ነበር፤ ማንም ቢስት እንኳ እስከ ዜሮ እንዳይወርድ። ስለዚህ 13ቱም ኖታዎች ከሥር ሁልጊዜ ያጉረመርማሉ፤ ያ ጭጋግ የሚመስለው ነገር እሱ ነው። በሶፍትዌር ከሆነ ዝቅተኛውን መጠን ከኮርዱ 25 ወይም 30 ዴሲቤል ያህል አውርዳችሁ ሞክሩ። ጭጋጉ ለብቻው ሲሰማ የሚያስቀይም፣ ከፒያኖው ጋር ሲሆን የማይለይ፣ ሲዘጋ ግን ዘፈኑን ባዶ የሚያስቀር ከሆነ መጠኑን አግኝታችሁታል።